ከሙላልኝ የጎደለችው አንድ ቀን

ጥር 7፣ 2018

ስሜ የለም። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ የለም።

ጥር 8

ትናንት ከአንድ መስመር በላይ አልጻፍኩም። ዛሬ ክፍል ቀርቼ ኮምፒውተር ላብ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከኪሩቤል ጋር አንድ ዓመት ከአራት ወር አብረን አንድ ፕሮግራም ሠራን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፦ ሙላልኝ። እዚህ ናይሮቢ እንግሊዝኛ የማያነብ ሐበሻ ሁሉ የስደተኛ ቅጽ ይዞ ሰው ደጅ የሚቆምበት ቃል ነው፤ "በናትህ ይቺን ፎርም ሙላልኝ"። በአማርኛ ትነግረዋለህ፣ የልደት ቀንህን በእኛ አቆጣጠር ትሰጠዋለህ፣ እሱ በእንግሊዝኛና በፈረንጅ ቀን ሞልቶ ያወጣልሃል። መልኩን ኪሩቤል ሠራ፤ ቀለሙን፣ ቁልፎቹን፣ ያችን የምትሽከረከር ክብ። የሚያስበውን ክፍል በሙሉ እኔ። እናቴ "ለሴት ሲሆን እኮ ሙዪልኝ ነው" ብላ ስቃብኝ ነበር። ፕሮግራሙን ወንድ ማድረጌ ነው መሰል ጥፋቴ።

ኪሩቤል ለብቻው ውድድር ላይ አቀረበው። "ኢዚፎርም" ብሎታል። አንደኛ ወጣ። ፓርክላንድስ ያለው የስደተኞች መርጃ ቢሮ ደግሞ ሰው ሊሞላበት ወስዶታል፣ እሱንም ሥራ ቀጥረውታል። የዲፓርትመንታችን ሰሌዳ ላይ ፎቶው ተለጥፏል፤ ጥርሱ ሠላሳ ሁለቱም ይታያል።

ደወልኩለት።

"ሳሚ፣ ፖሌ ሳና፣ በጣም ይቅርታ፣ በግሩፕ አንቀበልም አሉ እኮ። ሪላክስ፣ አስተካክለዋለሁ። አንቺን እንደ እህቴ አይደል የማይሽ?"

እንደ እህቱ! የእህቱን ስም ከሰሌዳ ላይ ይፍቀው እስቲ።

ጥር 9

ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቢላውን አስቀመጠች።

"እና ምን ልታደርጊ ነው?"

"ሌባ ነው እላለሁ፣ ሰው ፊት።"

"የጋሽ ታዲዮስን ልጅ ሌባ ብለሽ እኔ ነገ በየትኛው ፊቴ ወጥ ቤት ልገባ ነው?"

ጋሽ ታዲዮስ የኪሩቤል አባት ነው፤ እማዬ ኪሊማኒ ያለው ምግብ ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ወጥ ሠርታለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያቆመን እሱ ነው፣ ይህን እኔም አልክድም። እሺ አልኳት። ሆድ ይፍጀው። ግን ሆድ ይፈጃል እንጂ አይረሳም።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት። ኪሩቤል ነጭ በነጭ ለብሶ መጣ። ሰው ሁሉ ጀርባውን እየመታ፣ "የእኛ ልጅ! የእኛ ልጅ!" እማዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ "እንኳን ደስ አለህ በይው"።

አልኩት። ጥርሴን እስኪያመኝ ፈገግ አልኩ።

ጥር 19

አገኘሁት። አገኘሁት! እግዚአብሔር ዝም ብሎ አያይም።

የውድድሩ ደንብ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ይሁን ይላል፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ከፈትኩት። ሳነበው አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ኮድ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፣ የራስህን ከሩቅ ታውቀዋለህ። ያቺ ስሞችን በላቲን ፊደል የምትጽፈው ክፍል፣ "ፀጋዬ" እና "ጸጋዬ" አንድ ሰው መሆናቸውን የምታውቀው፣ ለእሷ ብቻ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስትሠራልኝ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ጨፍሬ ነበር። ሁሉም አለ። አንድ መስመር አልነካም።

የጠፉት ኮመንቶቼ ብቻ ናቸው። ኮመንት ማለት ኮዱ መሃል የሚጻፍ ማስታወሻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዘሎት ያልፋል፣ ለሚቀጥለው ሠሪ ነው የሚቀመጠው። እኔ ኮመንት በአማርኛ ነው የምጽፈው። ኪሩቤል ደግሞ ፊደል አያነብም። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፤ አማርኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ ሲጻፍ ግን ከሀ ሁ አያልፍም። ስለዚህ ምን እንደሚሉ ሳያውቅ፣ የእኔ መሆኑን ያሳብቃሉ ብሎ ሁሉንም ጠረጋቸው።

ከጠረጋቸው መሃል ይቺ ነበረች፦ "ተጠንቀቅ! ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ዓመት መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 12 ነው። እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ጨምር። ገና አልተሠራም።"

አልተሠራም! አሁንም አልተሠራም። እሱ መኖሩንም አያውቅም።

ይህን ነገር ያገኘሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። የጎረቤታችን የእትዬ ሙሉሸዋ ልጅ ኤልሳቤት አሥራ ስምንት ስትሞላ ኬክ ተቆርሶ ነበር። እናቷ ዓርብ ዕለት "ዛሬ ታኅሣሥ 3 ነው፣ የተወለድሽበት" ብላ ስማታለች። ኬኩ ግን ቅዳሜ፤ የድሮ ወረቀቷ ዲሴምበር 13 ስለሚል። "ልጄ ሁለት ልደት አላት" እያለች እትዬ ሙሉ ስትስቅ እኔ እዚያው ሶፍት ላይ አስልቼ አሳየኋቸው፤ 1999 ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት፣ ስለዚህ 2000 ላይ ቀኗ አንድ ወደፊት ገፋች። ላፕቶፔን አውጥቼ ማስታወሻውን ጻፍኩ። ፈተና ሲያልቅ እሠራዋለሁ ብዬ።

አልነግረውም። አንድ ቃል አይሰማም ከእኔ። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ጥር 20

አሰላሁት። ከስምንት ከዘጠኝ ሰው የአንዱ ቀን ይሳሳታል። ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ሰው አይሞትም። አንድ ቀን ናት።

የካቲት 1

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሕንፃችን በር ላይ እትዬ ሙሉን አገኘናት፣ እሷም ከጸሎት ቤቷ ስትመጣ። ፊቷ በርቷል። ባሏ ጋሽ ፀጋዬ ካናዳ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሁን የእሷና የኤልሳቤት ፋይል ተከፍቷል።

"ነገ ፓርክላንድስ ሄደን በዚያ በኮምፒውተሩ እንሞላለን። ሃሌሉያ በይ እንጂ ሳምሪ! ሰው መለመን ቀረ።"

እማዬ እልል አለች። እኔ "ይቅናችሁ" አልኩ። እማዬን ወደ ሥራ የሚወስዳት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ እየመጣ ስለነበር ብዙ አላወራንም።

ምን ልላት ነበር? ነገሩ ውስብስብ ነው፣ እሷ ኮምፒውተር አታውቅም። ደግሞ ቢሮው ውስጥ የሚያይ ሰው አይጠፋም። ሥራቸው አይደል?

የካቲት 3

እትዬ ሙሉ የሞላችውን ቅጽ ልታሳየን መጣች። "ኪሩቤል ራሱ ነው ያስቀመጠኝ፣ ሻይም አዞልኛል፣ ጨዋ ልጅ።" ጨዋ ልጅ።

ወረቀቱን በእጄ ይዤዋለሁ። ቀኑን አላየሁም። የሰው ወረቀት ነው፣ ምን አግብቶኝ አያለሁ?

የካቲት 10

ሁዳዴ ገባ። እማዬ ምን እንደያዘኝ ጠየቀችኝ፤ አትበዪም፣ አትስቂም አለችኝ። ምንም አልኳት። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብላ ወጥታ ሄደች። ተረቱን ለእኔ ማለቷ ይሁን ለራሷ አልገባኝም። ጋሽ ታዲዮስ ለልጁ ደስታ ሠራተኞቹን ሁሉ ከረሜላ አደላቸው ስትል ሰምቻታለሁ፤ እሷ የደረሳትን ለእኔ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። አልነካሁትም።

የካቲት 16

ጥሪ ደረሰኝ! ኪሩቤል መጋቢት 19 ቅዳሜ ፓርክላንድስ ቢሮው አዳራሽ ውስጥ ፕሮግራሙን ለእንግዶች ያሳያል። የቢሮው ኃላፊ ሙርሺዳ የምትባል የሞምባሳ ሴት ናት፤ እሷ ትመራዋለች። ቢሮውን ከካናዳም ከስዊድንም የሚረዱ ሰዎች ይመጣሉ። "ሳሚ፣ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ" ብሎ መልእክት ላከልኝ። ልቡ ደንዳና ነው ወይስ እውነት ምንም ያደረገ አይመስለውም? የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

እሄዳለሁ። ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያውጣ ሲሉ አወጣለሁ። አንድ ቀን አስገባልን እለዋለሁ፤ አንድ ብቻ። ስህተት ይወጣል። ለምን? እላለሁ። አያውቅም! የሠራውን የማያውቅ ሠሪ። ያኔ ማን እንደሠራው ሰው ሁሉ ራሱ ይጠይቃል፣ እኔ ሌባ ማለትም የለብኝም። እማዬም ወጥ ቤቷን አታጣም።

የካቲት 25

በእኔ ላፕቶፕ ያለውን አስተካከልኩት። አንድ መስመር ናት። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀችም። የ1980ን፣ የ1992ን፣ የ2000ን ሞከርኩ፣ ሁሉም ልክ። ወደ ላይ ወደ ታች እያየሁ ደስ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ደስታ ከሰው አግኝቼ አላውቅም።

ኪሩቤል ኢሜይል አለው። አልላክሁትም። ለምን እልካለሁ? ጥሩ አድርጎ ደግሞ ስሙን ይጻፍበት?

መስታወት ፊት ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ተለማመድኩ።

መጋቢት 8

እትዬ ሙሉ እያለቀሰች መጣች። ለካናዳው ጉዳይ ቃለ መጠይቅ ገብተው ነበር። ባለሥልጣኑ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ "የልጅሽ ልደት የትኛው ነው?" አንዱ 13፣ አንዱ 12። በእንግሊዝኛ የሚሉትን ከአስተርጓሚ ሰምታ እሷ "ታኅሣሥ 3" ትላለች፤ ሌላ ቀን አታውቅም። "አንዱ ወረቀት ሐሰት ነው" ብለው ፋይሉን አገዱት። በሠላሳ ቀን ውስጥ ምክንያቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ካላመጣች ይዘጋል።

"ልጄ አይደለችም ሊሉኝ ነው መሰል" አለች። እማዬ አቅፋት አብራ አለቀሰች።

እኔ ውሃ አመጣሁላት።

መጋቢት 9

አሥር ቀን ነው የቀረው። ሠላሳ ቀን አላቸው። ይደርሳል። የዚያን ቅዳሜ ለሁሉም ይታወቃል፣ ለእሷም የሚጠቅማት ሰው ሁሉ ፊት ሲታወቅ ነው። አሁን ብናገር ኪሩቤል በአንድ ደቂቃ አስተካክሎ "ኢዚፎርም ተሻሽሏል" ይላል፣ ያልፋል።

ይደርሳል።

መጋቢት 14

ኤልሳቤት የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች አንኳኳች። እማዬ ሥራ ላይ ነበረች።

"ሳምሪ፣ ያን ቀን ኬክ ላይ ሶፍት ላይ የጻፍሽው... ጳጉሜ ያልሽው ነገር፣ እሱ ይሆን እንዴ ያጠፋን?"

"አይመስለኝም" አልኳት።

"እኔ ፎርሙን ቼክ ሳላደርግ ነው የፈረምኩት። ኪሩቤል ቼክ አድርጊ ብሎኝ ነበር። ሳምሪ የሠራችው ነው፣ አትሳሳትም ብዬ ተውኩት።"

እኔ የሠራሁት መሆኑን ከእማዬ ሌላ የሚያምን ሰው ይቺ ብቻ ናት።

ሻይ ላፍላልሽ ስላት ሆምወርክ አለብኝ ብላ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ምንም መሥራት አልቻልኩም። የኪሩቤልን ፎቶ አውጥቼ አየሁ፣ ንዴቴ እንዲመለስልኝ። ትንሽ ተመለሰልኝ።

መጋቢት 17

ከነገ ወዲያ ነው። ልብሴን ተኮስኩ። ጥቁሩን።

መጋቢት 19

ሆነ። ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኪሩቤል ሱፍ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ፣ ጥርስ በጥርስ። ጥያቄ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሲያየኝ ደስ አለው፤ "ሳሚ! ይቺ ክላስሜቴ ናት" ብሎ ለሰው አስተዋወቀኝ። ክላስሜቱ።

"አንድ የልደት ቀን አስገባልኝ" አልኩት። "ታኅሣሥ 3፣ 2000።"

ለምን ያችን ቀን እንዳልኩ አላውቅም። ስለማመደው የነበረው መስከረም 1ን ነው። አፌ ላይ የመጣችው እሷ ናት።

አስገባው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ፤ ዲሴምበር 12፣ 2007።

"ስህተት ነው፤ 13 ነው" አልኩ። ለምን 13 እንደሆነ፣ ጳጉሜ 6ን፣ ሁሉንም ወረቀት ሳላይ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ከእንግዶቹ አንዱ ስልኩ ላይ አይቶ "ልክ ናት" አለ። ኪሩቤል ስክሪኑን እያየ አፉ ተከፈተ። ሙርሺዳ ወደ እሱ ዞራ፣ "ይህን ክፍል የጻፍከው አንተ ነህ?" ብላ ጠየቀችው። ላብ ግንባሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "እሷ ናት የጻፈችው" አለ፣ ማይኩን ከአፉ ሳያርቅ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን እጽፋለሁ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ከዚያ ከኋላ ወንበር ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ሙሉ ናት። ሙርሺዳን ልትለምን መጥታ እዚያ ተቀምጣ ነበር፤ አላየኋትም። እንግሊዝኛው አልገባትም፣ ግን ታኅሣሥ 3ን ሰማች፣ ግድግዳው ላይ 12ን አየች። "እሱ ነው! ልጄን ያጠፋት እሱ ነው! አሥራ ሦስት ናት እኮ!" እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ጌታ አንቺን አስነሳልኝ! ጌታ አንቺን አስነሳልኝ!" ሰው አጨበጨበ። እኔም አቀፍኳት። ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ኪሩቤል ከአዳራሹ ስወጣ ተከተለኝ። አልተቆጣም። "ሳሚ፣ ያ ነገር ከኮመንቶቹ አንዱ ላይ ነበር እንዴ? እኔ ያጠፋኋቸው?" አለኝ። ትቼው ማታቱ ላይ ወጣሁ።

ድሉ ጥሩ ነው። ጥሩ ነው። እማዬ ስትሰማ "እሰይ" አላለችም፤ "ሙሉ ግን ፋይሏ ይመለስላታል?" ነው ያለችው።

መጋቢት 21

ዛሬ ሰኞ ሙርሺዳ ሁለታችንንም ጠራችን። ለእትዬ ሙሉ የሚሰጥ ማስረጃ ደብዳቤ ነው፤ የቢሮው ማኅተም ያለበት፣ ከካናዳው ፋይል ጋር የሚያያዝ። ሦስት ነገር መያዝ አለበት አለች። ስህተቱ ምንድን ነው? ፕሮግራሙን የጻፈው ማን ነው? ስህተቱ መኖሩ የታወቀው መቼ ነው? ሦስተኛው ከሌለ አይቀበሉም፤ ሌሎች ስንት ቅጾች በዚያ መሃል እንደተሞሉ የሚቆጠረው ከእሱ ነው። እስካሁን ቀናቸው የተሳሳተ ሃያ ሦስት ሰው አግኝተዋል።

ሃያ ሦስት። ሁሉንም አላውቃቸውም።

ኮምፒውተሩ ፊት እኔ ተቀመጥኩ። አንደኛውን ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ፦ ሳምራዊት አለኸኝ። ሁለት ወር ተኩል የተቃጠልኩላት መስመር ይቺ ናት። ምንም አልተሰማኝም።

ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ኪሩቤል አጠገቤ ነበር። ሙርሺዳ እንዳትሰማ በአማርኛ፣ በዝግታ፣ "ቅዳሜ በይ" አለኝ።

አየሁት።

"ቅዳሜ ነው ያወቅነው። ማንም አይጠይቅም፣ ሳሚ። ጻፊው፣ ሳዋ፣ እሺ?"

አውቋል። ከቅዳሜ ጀምሮ ያውቃል፤ ቀድሞ ሳያውቅ እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ ወዲያው የሚያስረዳ ሰው የለም። እየዛተብኝ አልነበረም። አዘነልኝ። ያዘነልኝ እሱ ነው! ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በዚያ ለስላሳ ዓይኑ ሊያየኝ፣ አባቱ ቤት እማዬ ወጥ ስትሠራ እሱ ምስጢሬን በልቡ ይዞ ሊያልፍ! ከእሱ እጅ ምሕረት ከምቀበል ብሞት ይሻለኛል።

ኮዱን ከፍቼ ስህተቱን በእሱ ፕሮግራም ውስጥ ያየሁበትን ቀን፣ ጃንዋሪ 27 ብዬ ጻፍኩ። በአማርኛው ቅጂ ላይ ጥር 19። ለእውነት ብዬ አልነበረም፣ ይህን ራሴን አልዋሽም። እሱን እምቢ ለማለት ነው።

ኪሩቤል ዓይኑን ጨፈነ። ሙርሺዳ አነበበችው፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ማኅተሙን መታች።

እትዬ ሙሉ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን አቅፋ ትጠብቅ ነበር። የአማርኛውን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ስሜ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። ከዚያ ጣቷ ወረደ፣ ቆመ።

"ጥር አሥራ ዘጠኝ" አለች።

ጣቷን እያየሁ ቆምኩ።

"እኔ እዚህ የመጣሁት የካቲት ሁለት ነው።"

"አዎ" አልኳት።

"ከመምጣቴ በፊት በር ላይ ነግሬሻለሁ።"

"አዎ፣ እትዬ ሙሉ።"

ኪሩቤል አንድ ነገር ሊናገር ሲል እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ሙርሺዳን "አሳንቴ" ብላ አመሰገነቻት። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። በሩን ከፍታ ቆመች።

"ለኤልሳቤት እኔ አልነግራትም" አለች፣ ሳታየኝ። "አንቺ ንገሪያት።"

ኤልሳቤት ከትምህርት ቤት የምትገባው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። አሁን አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እነሱ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።